የአባቴን ሰይቼንቶ የሚያውቃት ሰው

አባቴ መኪና የሚነዱ መሪጌታ ናቸው። በጎንደር ከእሳቸው ሌላ እንዲህ ያለ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ጥምጣማቸውን ጠምጥመው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጉልበታቸው ከመሪው ሊጋጭ ትንሽ ሲቀረው በዚያች ሚጢጢ ነጭ ሰይቼንቶ ሲያልፉ ያየ እንግዳ ቆሞ ይስቃል። የከተማው ሰው ግን ለምዷቸዋል። «የኔታ መጡ» ብሎ መንገድ ይለቃል።

መኪናዋን የሰጧቸው አንድ የውጭ አገር ሐኪም ናቸው። ሐኪሙ እዚህ ሆስፒታል ሲሠሩ ግእዝ ለመማር አባቴ ዘንድ ይመላለሱ ነበር። ከ«ሀ ሁ» ተነሥተው ዳዊት እስከ መድገም ደረሱ። ወደ አገራቸው የሚመለሱበት ቀን ሲደርስ፣ «የኔታ፣ ላስተማሩኝ ምንም አልተቀበሉኝም፤ እንግዲህ ይህችን አይመልሱብኝ» ብለው ቁልፉን በመዳፋቸው ላይ አስቀመጡላቸው። ያኔ እኔ ገና አልተወለድኩም። ስወለድ ከሆስፒታል ወደ ቤት ያመጣችኝ ይህችው ሰይቼንቶ ናት። አብረን አደግን ማለት ይቻላል። እኔ አድጌ የኬሚስትሪ መምህርት ሆንኩ፤ እሷ ያው እንደነበረችው ቀረች።

መፍላት የጀመረችው የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ነው። ቤታችን ቀሐ ወንዝ አጠገብ ነው፤ አባቴ የሚያስተምሩበት ደብር ደግሞ ከፒያሳ ወዲያ። መሐሉ ዳገት ነው። ሰይቼንቶዋ ዳገቱን አጋምሳ አንድ ባንክ በር ላይ ስትደርስ ከኋላዋ እንፋሎቷን እንደ ድስት ትለቅና ቀጥ ትላለች። ሁልጊዜ እዚያው ባንክ በር ላይ። የባንኩ ዘበኛ መጀመሪያ ሰሞን ይቆጡ ነበር፤ በኋላ ግን ራሳቸው ጄሪካን ውሃ ሞልተው መጠበቅ ጀመሩ። ባጃጅ ነጂዎቹም ባጃጃቸውን ጥግ አስይዘው እየሮጡ ይመጣሉ። አምስት ስድስት ሆነው ይገፏታል።

«የኔታ፣ ይመርቁን!» ይላሉ እየገፉ።

«እግዚአብሔር ዳገታችሁን ሜዳ ያድርግላችሁ!» ይላሉ አባቴ ከውስጥ።

«አሜን! መጀመሪያ ይቺኑ ዳገት!»

እኔ ተማሪዎቼ እያዩኝ በእፍረት እሞት ነበር። አንድ ቀን አምርሬ፣ «አባባ፣ እንግዲህ ጡረታ ትውጣ። በባጃጅ ይመላለሱ፤ እኔ አንዱን አነጋግሬ በየጠዋቱ በር ድረስ ይመጣልዎታል» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «እናትሽ የታመመች ጊዜ ሌላ አገባሁ?» አሉኝ።

በሳምንቱ የሚያድናት ሰው ፍለጋ ወጣን።

አባቴ መካኒኮችን ይፈትኑ እንደነበር የገባኝ ሁለተኛው ጋራዥ ስንደርስ ነው። ሰይቼንቶ ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ከፊት ያለው የዕቃ ማስቀመጫ ነው። ይህን የማያውቅ መካኒክ በቀጥታ ወደ ፊት ሄዶ ኮፋኖውን ይከፍታል። አባቴ እጃቸውን ከኋላ አጣምረው ቆመው ያያሉ። ሰውየው ተለዋጭ ጎማውንና የአባቴን የዝናብ ቦቲ ጫማ አግኝቶ ግራ ሲጋባ፣ ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ «ይሄም ወደቀ» ይሉኛል። ልክ ጉባኤ ቤት ተቀምጠው ተማሪ እየፈተኑ የሚያስቀጽሉ ይመስላሉ።

የመጀመሪያው መካኒክ ሥርዓት ያለው ወጣት ነበር። ከሞተሩ ቦታ ጋር ከተዋወቀ በኋላ ላፕቶፑን ከፍቶ ዙሪያዋን ሦስት ጊዜ ዞረ።

«ቲቸር፣ ኮምፒውተር የሚሰካባት ቦታ የላትም እኮ» አለኝ።

«ታዲያ በሽታዋን በምን ልታውቅላት ነው?»

አሰበና እውነቱን ነገረኝ። «እኛ እሱ የሚለንን ነው የምናውቀው።»

ሁለተኛው የውሃ ቱቦዎቹን ሁሉ ቀየረ፤ ባንኩ በር ላይ ቆመች። ሦስተኛው ራዲያተሩን አውርዶ አጠበ፤ ባንኩ በር ላይ ቆመች። አራተኛው ከሁሉም ደፋር ነበር። ሞተሯን እያየ ራሱን ነቀነቀና፣ «የኔታ፣ እኔ የምመክርዎት ይህን አውጥተን የባጃጅ ሞተር እንግጠምላት» አለ።

አባቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ለመሄድ ተነሡ። «ልጄ፣ እኔም ልቤ ደክሟል፤ የዶሮ ልብ ትገጥምልኛለህ?» ብለውት ወጡ።

ተስፋ ልቆርጥ ስል ፒያሳ ያለ አንድ የመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴ ወደ አንድ ቶርኖ ቤት መራን። ቶርኖ ቤቱ ብረት የሚቀርጽበት ጨለም ያለች ክፍል ነው። ባለቤቱ ከማሽኑ ጩኸት ብዛት ጆሯቸው የከበደ ሽማግሌ ናቸው፤ እየጮኽኩ ታሪኩን ነገርኳቸው።

«ሰይቼንቶ!» አሉ ፊታቸው ፈክቶ። «የሰይቼንቶን ነገር የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር። ጋራዡ እዚህ ታች ነበረች። እኔ ስንት ዕቃ ቀርጬለታለሁ! ምን ያደርጋል፣ ሰይቼንቶዎቹ ሲያልቁ ጋራዡን ዘግቶ አገሩ ገባ። ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን።»

«ስልኩ አለዎት?»

«ኧረ እሱ ስልክ አይወድም ነበር።»

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ፣ «ጃናሞራ ከሄድኩ አርባ ዓመት አለፈኝ» አሉ። «ቅኔ የተማርኩት በዚያ በኩል ነው። መቼ ነው ትምህርት ቤት የሚዘጋው?»

የግማሽ ዓመቱ ዕረፍት በደረሰ በማግስቱ ተነሣን። ከመነሣታችን በፊት ሞተሯን አስነሥቼ እስክትፈላ ድረስ በስልኬ ቀረጽኳት፤ መካኒኩ በዓይኑ ሊያያት ካልቻለ ምስሏን ቢያይ ብዬ ነው። ደባርቅ አድረን በማለዳ ሌላ አውቶቡስ ተሳፈርን። አባቴ የሰባ ስድስት ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ መንገዱ ይከብዳቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን መስኮቱ ጥግ ተቀምጠው ከአጠገባቸው ያለውን ሁሉ ሲያጫውቱ ነው የሄዱት። ቧሂት ተራራ ላይ ብርዱ አጥንት ሲሰብር ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ድረስ ሲስቡ፣ አባቴ ቀስ ብለው ዜማ ጀመሩ። ሾፌሩ ሙዚቃውን ዘጋ። ሁለት የደብር ሰዎች ተሳፍረው ኖሮ ከኋላ ተቀበሏቸው። መካነ ብርሃን ስንገባ አውቶቡሱ ሙሉ ዘመድ ሆኖ ነበር።

መካኒኩን ለማግኘት ብዙ አልጠየቅንም። አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ገብስ የጫነች አህያ የሚነዱ አንድ ገበሬ አገኘንና ጠየቅናቸው። ቆም አሉ።

«መካኒኩን ነው የምትሉት? ወይ! አልሰማችሁም እንዴ? ዐርፈዋል እኮ። ሦስተኛ ዓመታቸው ነው።»

አባቴ ጥምጣማቸውን ይዘው አንገታቸውን ደፉ። «ነፍስ ይማር» አሉ። እኔ ደግሞ የመጣሁበት መንገድ ሁሉ በአንዴ ትከሻዬ ላይ ወደቀብኝ። ሁለት ቀን ተጉዘን የመጣነው ለሞተ ሰው ነው። ሰውየው አዘኑልን መሰለኝ፣ «ባለቤታቸው አሉ። ቤታቸው ያው ያ ቆርቆሮው ነው» አሉ በጣታቸው እያሳዩ።

«እንግዲህ ለቅሶ ሳንደርስ አንመለስም» አሉ አባቴ።

የቤቱ እመቤት ሰባ ዓመት የሚሆናቸው፣ አጠር ብለው ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው። እጃቸው ትንሽ ነው፤ ጣቶቻቸው ግን ረዣዥም። መደብ ላይ አስቀመጡንና የገብስ ቆሎና ጠላ አቀረቡልን። አባቴ ጸሎት አደረሱ፣ አጽናኑ። ከጎንደር ድረስ የባላቸውን ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው በማየታቸው ዓይናቸው ዕንባ አቀረረ። ከዚህ በኋላ ስለ መኪና ማንሣት ነውር ሆነብን። አባቴ እኔን ያያሉ፣ እኔ አባቴን አያለሁ። ቆሎውን እንቆረጥማለን።

በመጨረሻ ነገሩን ያነሡት የቤቱ እመቤት ራሳቸው ናቸው።

«የኔታ፣ ሐኪሙ የሰጡዎት ነጯ ሰይቼንቶ አለች?»

አባቴ ጠላው ትን ሊላቸው ደረሰ። «ታውቂያታለሽ እንዴ?»

«ምነው አላውቃት! ስንት ጊዜ መጥታ አይደል? ያኔ ይዟት የሚመጣው ዲያቆንዎ ነበር። ግራ በሯ ስትዘጋ ከፍ አድርገው ካልሳቧት አትገጥምም።»

እውነት ነው። አሁንም ከፍ ተደርጋ ካልተሳበች አትገጥምም።

ከዚያ ነገሩ ሁሉ ከአባቴ አፍ እንደ ጎርፍ ወጣ፤ ዳገቱ፣ ባንኩ፣ ባጃጆቹ፣ የዶሮ ልብ ሳይቀር። እማማ — ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲህ ነው የምጠራቸው — አላቋረጧቸውም። ሲጨርሱ ጥያቄ አከታተሉ። ቀስ ብላ ስትሄድ ነው የምትፈላው ወይስ ስትፈጥን? ራዲያተሩ ከላይ ነው ከታች የሚግለው? ቺንጋው ተቀይሯል? እኔ በገረሜታ አያቸዋለሁ።

«እማማ፣ ይህን ሁሉ ከየት አወቁት?»

«ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት እኮ አብሬው ሠርቻለሁ። የዚች ማኪና ጓዳ ጠባብ ነው። የሱ እጅ እንደ አካፋ ነበር፣ አይገባም። ጠባቡን የምሠራው እኔ ነበርኩ። ሰው ሲመጣ ከጋራዡ ጀርባ ሻይ አፈላለሁ፤ ሲሄድ ተመልሼ እገባለሁ።» ይህን ሲሉ ቅሬታ አልነበረባቸውም። እንደ ተራ ነገር ነው የተናገሩት።

ስልኬን አውጥቼ የቀረጽኩትን ከፈትኩላቸው። ምስሉን አላዩትም። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አስጠግተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። የሰይቼንቶዋ ድምፅ ያን ትንሽ ቤት ሞላው። አለቀ። «ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። ለሦስተኛ ጊዜ ካዳመጡ በኋላ ስልኩን መለሱልኝ።

«አንድ ድምፅ ጎድሏታል» አሉ።

«የምን ድምፅ?»

«የኔታ፣ ተማሪ ሲያዜም አንዷን ምልክት ቢዘል ይሰማዎት የለ? እንደዚያ ነው። ይቺ ማኪና ከራዲያተሩ ሥር ትንሽ በር አለቻት። ሞተሩ ሲሞቅ በሯ ትከፈትና ሙቀቱን ታስወጣለች። የእርስዎ ማኪና ላይ ያቺ በር ላላ ያለች ነበረች፤ ቅጭ ቅጭ ትል ነበር። አሁን የለችም። ወይ ወድቃለች፣ ወይ አንድ ሰው ዘግቷታል።»

ወደ አባቴ ዞርኩ። አባቴ ቆሎውን ትተው የመደቡን ጭቃ በጥፍራቸው ይፍቁ ነበር።

«አባባ?»

«ቅጭ ቅጭ የምትለዋን…» አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሷን እኔ ነኝ ያሰርኳት።»

«በምን?» አሉ እማማ።

«በጃንጥላ ሽቦ።»

«ምነው የኔታ?»

«ዜማዬን ታበላሽብኝ ነበራ! መንገድ ላይ ለነገ የሚባለውን ስከልስ፣ እሷ ያለቦታዋ እየገባች ታሳስተኛለች። የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ቀን ተናደድኩና አሰርኳት። ከዚያ በኋላማ ፀጥ አለች፤ ረሳኋት።»

እማማ መሳቅ ጀመሩ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ልጃቸው ከጓሮ ምን መጣ ብላ ሮጣ ገባች። እናቷ ሲስቁ አይታ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። በኋላ ስትሸኘኝ፣ «አባዬ ከሞተ እንዲህ ስቃ አታውቅም» አለችኝ። አባቴም መጀመሪያ አፍረው ነበር፤ ቆይተው ግን ከሁላችን በላይ ሳቁ። እኔ ግን አራቱን መካኒኮች አስቤ፣ በተለይ ያንን ራዲያተር ሲያጥብ የዋለውን፣ ትንሽ ተናደድኩ።

«እንግዲህ ሽቦውን ስንፈታ አለቀ ማለት ነው?» አልኩ።

«ኧረ አያልቅም። ይኸን ያህል ዓመት ተዘግታ ዝጋለች። መክፈቻዋም ሞቶ ይሆናል። የሚገባ እጅ ይፈልጋል።» እጃቸውን ዘርግተው ግራና ቀኝ እያገላበጡ አዩት። «ገብሱም ታጭዷል። በጎቹን ልጄ ታያለች። ነገ አውቶቡስ አለ?»

በማግስቱ ልንነሣ ስንል የሟች ታላቅ ወንድም ዱላቸውን ይዘው መጡ።

«ምነው እቴ! በዚህ ዕድሜሽ ጎንደር ወርደሽ ማኪና ልትጠግኚ ነው? ሰው ምን ይላል?»

«አያ፣ በሬዎቹን እናንተ ወንድሞቹ ተካፈላችሁ። ሙያውን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔ ብወስደው ማን ይጣላኛል?»

ሽማግሌው ዱላቸውን እያዩ ትንሽ አሰቡ። «እሱስ ሸጋ ብለሻል» አሉ፤ መንገድ ላይ የምንበላው ዳቦም ከቤታቸው አስመጡልን።

ጎንደር በደረስን በማግስቱ ጠዋት፣ ገና ቁርስ ሳንበላ፣ እማማ ግቢያችን ውስጥ ሰይቼንቶዋን ዞሩ። በመዳፋቸው ጣራዋን መታ መታ አደረጓት። ከዚያ ቀሚሳቸው እንዳይበላሽ ምን ልስጣቸው ስል፣ የላቦራቶሪ ነጭ ጋዋኔ ታወሰኝና አመጣሁላቸው። እጅጌውን ሦስት ጊዜ አጥፈው ለበሱት። አባቴ በርጩማቸውን አምጥተው ተቀመጡ። የፈተናው ወንበር ይመስል ነበር፤ እማማ ግን የፊቱን ኮፋኖ ዞር ብለውም አላዩት።

እጃቸው ከራዲያተሩ ሥር እስከ ክርናቸው ገባ። ዓይናቸው ሰማይ ሰማይ ያያል፤ የሚሠሩት በጣታቸው ነው። «ፒንሳ» ይላሉ፣ አቀብላለሁ። «ካቻቢቴ፣ ትንሿን።» ትንሽ ቆይተው የዛገ ሽቦ መዘው አወጡና ለአባቴ ሰጧቸው።

«ይኸው ጃንጥላዎ።»

ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። ማጠፊያው ዝጎ ስለነበር ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፈዘፉት። ከሳቸው በፊት የነበሩት መካኒኮች የሠሩትንም አንድ በአንድ አቃኑት፤ አንደኛው ቱቦ ተጣሞ ታንቆ ነበር፣ ቺንጋው ላልቷል። በሯን የሚከፍታት ዕቃ ግን እንደጠረጠሩት ሞቷል፤ በከተማው ምትክ የለም። እማማ ጭቃ ላይ በእንጨት እየሣሉ ረዥም ጊዜ አሰቡ። በሯን ክፍት አድርጎ የሚይዝ ሞላና፣ ጠዋት ጠዋት ብርድ ሲሆን በእጅ የሚዘጋት ትንሽ ዘንግ ቢሠራ እንደሚበቃ ወሰኑ። ሥዕሉን ወረቀት ላይ እኔ ገለበጥኩትና ወደ ቶርኖ ቤቱ ሄድን።

ሽማግሌው እማማን ሲያዩ ማሽናቸውን አጠፉ። «የመካኒኩ ሚስት!» ብለው ጮኹ።

«አዎ፣ ሚስቱ ነበርኩ፤ አሁን ሥራ ላይ ነኝ» አሉ እማማ ጆሯቸው ሥር ገብተው። «ይህን በልኩ ቁረጥልኝ። እንዳለፈው ጊዜ እንዳታሳጥረው።»

«ያለፈው ጊዜ? ሃያ ዓመት አልፎታል እኮ!»

«አጥሮ ነበር።»

ሽማግሌው ሁለቴ ለክተው ቆረጡት።

ቅዳሜ ጠዋት ዳገቱን ሞከርነው። አባቴ መሪውን ያዙ፣ እማማ ከጎናቸው፣ እኔ ከኋላ ጉልበቴን አገጬ ላይ አድርጌ። የሽንብራ ያህል እንኳ ድምፅ ሲሰማ ልቤ ይዘላል። ከሩቅ ባንኩ ታየ። ዘበኛው ጄሪካናቸውን አንሥተው ወደ መንገዱ ጠርዝ መጡ። ባጃጅ ነጂዎቹ እጃቸውን ጠርገው ተዘጋጁ። ሰይቼንቶዋ ግን ቅጭ ቅጭ እያለች በመሐላቸው አልፋ ወጣች።

«የኔታ! ኧረ ይቁሙ እንጂ!» አለ አንዱ ከኋላ እየሮጠ።

«ቆሜ ነው የኖርኩት!» አሉ አባቴ በመስኮት። ፊታቸውን በመስታወቱ አየሁት፤ ጥርሳቸው ሁሉ ይታይ ነበር። ሲመለሱ ግን ባንኩ በር ላይ ራሳቸው አቆሟትና ወርደው ዘበኛውንም ነጂዎቹንም አንድ በአንድ አመሰገኑ። ሻይ ጋበዟቸው። እማማን ሲያስተዋውቁ፣ «የሠራቻት እሷ ናት» አሉ። ባጃጅ ነጂዎቹ ተያዩ። አንዱ፣ «እማማ፣ የኔም ባጃጅ ማርሽ ስቀይር ታስቸግረኛለች» አላቸው። እማማ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ባጃጇን ሊያዩ ተነሥተው ሄዱ።

ወሬ በጎንደር እግር አያስፈልገውም። በሁለተኛው ሳምንት ግቢያችን የሽማግሌ መኪኖች መጠለያ ሆነ። ከአያታቸው የወረሱትን ጂፕ በገመድ አስጎትተው የመጡ ነበሩ፤ ለሠርግ የሚያከራያትን አሮጌ ጥቁር መኪና ይዞ የመጣም ነበር። አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው በር ላይ ቆሞ፣ «መካኒኩ አሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። በጣቴ አሳየሁት። ነጭ ጋዋን ለብሰው የተቀመጡትን ሴት አይቶ፣ «የለም፣ መካኒኩን ነው» አለ። አባቴ በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ «ልጄ፣ ተሰለፍ» አሉት። ተሰለፈ።

እማማ ሁሉንም አላዳኑም። የጂፑን ሞተር አይተው፣ «ይኼ ሄዷል፤ በደኅና ቅበሩት» ብለዋል። የማያውቁትን ደግሞ አላውቅም ይላሉ፤ ከዚህ የተነሣ ሰው ይበልጥ አመናቸው። ያ የመጀመሪያው ባለላፕቶፕ ወጣት እንኳ አንድ ከሰዓት መጥቶ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ ሲጠይቃቸው ዋለ። ማታ ራት ላይ፣ «ደግ ልጅ ነው፤ ጆሮው ገና አልተከፈተም እንጂ» አሉን።

ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ቁርስ ላይ አንድ ነገር ነገሩን። ጋራዥ ውስጥ መኪና ያንቀሳቅሱ ነበር፤ አንዷን አውጥተው ሌላዋን ያስገባሉ። መንገድ ላይ ግን ነድተው አያውቁም።

«ወደፊትና ወደኋላ እችላለሁ» አሉ። «መታጠፍ ነው የማላውቀው።»

አባቴ ቁልፉን ከግድግዳው አነሡ።

በፋሲል መዋኛ በኩል፣ ከጥምቀት ውጭ ሰው የማይበዛበት ሰፊ ሜዳ አለ። ፀሐይዋ ገና ሞቅ እያለች ነበር። አባቴ ወርደው ወንበሩን ለቀቁላቸው፤ ከዚያ በጎን ገብተው የበሩን እጀታ በሁለት እጃቸው ጨበጡ። እኔ ውጭ ቀረሁ። እማማ መሪውን ያዙ። ራሳቸው ከመሪው በላይ በጭንቅ ነው የሚታየው። ሰይቼንቶዋ ዘላ ተነሣች፣ ቆመች፣ እንደገና ተነሣች። «ፍሪሲዮኑን ቀስ!» የሚለው የአባቴ ጩኸት እኔ ድረስ ይሰማል። «አውቃለሁ፣ የኔታ፣ እኔ እኮ ነኝ የቀየርኩት!» የሚለውም ይሰማል።

የመጀመሪያው ዙር እንደ ሳጥን አራት ማዕዘን ነበር። በሁለተኛው ማዕዘኖቹ መለዝ አሉ። በሦስተኛው፣ ሜዳው ጫፍ ላይ ያሉት ዛፎች ሥር ሲደርሱ፣ መኪናዋ ክብ ሠርታ ዞረች። እማማ በመስኮቱ እጃቸውን አውጥተው አውለበለቡልኝ። አባቴም ሳያስቡት አንድ እጃቸውን ከበሩ ለቀቁና አውለበለቡ፤ ወዲያው መልሰው ጨበጡ።

ሦስት ዙር ነበር የተባባልነው። ስምንተኛው ላይ ሰይቼንቶዋ አጠገቤ ስትደርስ ፍጥነቷን ቀነስ አደረገች።

«ደከመዎት እማማ?» አልኩ።

«ኧረ እኔስ አልደከመኝም። የኔታ ናቸው ልውረድ የሚሉት» አሉና እንደገና ታጠፉ።